የመኪና ሳብዉፈርና አምፕሊፋየር አመራረጥ፦ ከሳጥኑ እስከ ጌይኑ

ብዙ ሰው ለመኪናው ባስ ሲገዛ የሚጀምረው ከአምፑ (ድምፁን ከሚያጎላው አምፕሊፋየር) ነው። ካርቶኑ ላይ «2000 ዋት» የሚል ጽሑፍ አይቶ ይገዛል፤ ቀጥሎ የሚስማማው ሳብዉፈር (ባስ ብቻ የሚያወጣ ትልቅ ስፒከር) ይፈልጋል፤ መጨረሻ ላይ ሳጥኑ አልገባ ሲለው ሳጥኑን ያሳንሳል። የሚያገኘውም ጩኸት እንጂ ባስ አይደለም። አዋጭው አካሄድ የዚህ ተቃራኒ ነው፦ መጀመሪያ ቦታ፣ ከዚያ ሳጥን፣ ከዚያ ሳብዉፈር፣ ከዚያ ኦም (ሳብዉፈሩ ለአምፑ የሚያሳየው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ)፣ ከዚያ አምፕ፣ ሽቦና ፊውዝ መጨረሻ ላይ። እያንዳንዱ ቁጥር የሚወጣው ከሱ በፊት ከተወሰነው ስለሆነ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ አንዱን ዕቃ ሁለት ጊዜ መግዛት ይመጣል።

1. ቦታውን ለኩ

የኋላውን ዕቃ መጫኛ ወርድ፣ ቁመትና ጥልቀት በሜትር ለኩ። የኋላ ወንበር ጀርባ ዘመም ስለሚል ጥልቀቱን ከታችም ከላይም ለየብቻ ውሰዱ። የክዳኑን ማጠፊያ ክንዶች አትርሱ፤ ክዳኑ ክፍት ሳለ ልክክ ብሎ የገባ ሳጥን ሲዘጋ በክንዱ ሊመታ ይችላል። ትርፍ ጎማው የሚወጣበትን መንገድም አሁኑኑ አስቡበት።

ቀጥሎ የውስጥ ሊትሩን አስሉ። ለሳጥን የሚሆነው እንጨት 18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ ስለሆነ ከእያንዳንዱ የውጭ ልኬት 3.6 ሴንቲሜትር ይቀነሳል። ለምሳሌ ከውጭ 45 በ35 በ30 ሴንቲሜትር የሆነ ሳጥን ውስጡ 41.4 × 31.4 × 26.4 ነው፤ ይህም 34.3 ሊትር ይሆናል። የሳብዉፈሩ ማግኔትና ፍሬም ራሱ 2 ወይም 3 ሊትር ይይዛል። የሚቀረው 32 ሊትር ገደማ ለአንድ ባለ 12 ኢንች በዝግ ሳጥን ጥሩ ነው። ባለ 10 ኢንች በዝግ ሳጥን አብዛኛውን ጊዜ ከ17 እስከ 28 ሊትር ይበቃዋል። እነዚህ መነሻ ብቻ ናቸው፤ የመጨረሻውን ቁጥር የሚሰጣችሁ የሳብዉፈሩ አምራች ነው።

ቦታው ከመቀመጫ ሥር ብቻ ከሆነ ጠፍጣፋ ተብለው የሚሠሩትን ፈልጉ፤ እዚያ የሚወስነው የሳብዉፈሩ የመግቢያ ጥልቀት ነው። ከማግኔቱ ጀርባ እስከ ሳጥኑ ግድግዳ ቢያንስ 2.5 ሴንቲሜትር ክፍተት ይኑር፤ ጀርባው ላይ ማቀዝቀዣ ቀዳዳ ያለው ከሆነ አየር ካጣ ይግላል፣ ያፏጫልም።

2. ዝግ ሳጥን ወይስ ፖርት ያለው

ዝግ ሳጥን ትንሽ ነው፤ በልኬት 10 በመቶ ቢሳሳቱበት እንኳ ብዙ አይቀየምም። ድምፁ ወደ ታች ሲወርድ በአንድ ኦክታቭ (ድግግሞሹ በግማሽ በወረደ ቁጥር) 12 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) እያለ ቀስ ብሎ ይቀንሳል። የመኪናው ጠባብ ክፍል በበኩሉ ዝቅተኞቹን ድምፆች ስለሚያጎላ ሁለቱ ይካካሳሉ። ዝግ ሳጥን መኪና ውስጥ በወረቀት ላይ ከሚታየው በላይ የሚያወርደውም ለዚህ ነው።

ፖርት (አየር የሚወጣበትና የሚገባበት አፍ) ያለው ሳጥን በተቃኘበት ድግግሞሽ አካባቢ በተመሳሳይ ዋት 3 ዴሲቤል ገደማ ጨምሮ ይሰጣል። ዋጋው ግን አለ፦ ሳጥኑ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ይተልቃል፤ ከተቃኘበት በታች ድምፁ በአንድ ኦክታቭ 24 ዴሲቤል ይወድቃል፤ ከዚያ በታች ኮኑን (የሚርገበገበውን የሳብዉፈሩን ፊት) የሚይዘው አየር ስለማይኖር ዝቅ ያለ ድምፅ ሲመጣ ከልኩ በላይ ይወዛወዛል። ሳብዉፈር በጉልበት የሚሰበረው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። የፖርቱ አፍ ሲጠብ ደግሞ አየሩ ፉር ፉር ይላል፤ ለአንድ ሊትር 3 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ብታስቡ አትሳሳቱም። ስለዚህ ባለ 55 ሊትር ሳጥን ወደ 165 ካሬ ሴንቲሜትር የሚጠጋ አፍ ይፈልጋል። ቀጭን የውሃ ቱቦ ተክለው «ፖርት አለው» የሚሉ ሳጥኖች ከዚህ እጅግ ያነሱ ናቸው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩ ከሆነ ዝጉን ምረጡ። ፖርት ያለው ስሌቱ ልክ ሲሆን ደስ ይላል፤ ሳይሰላ ከተሠራ ግን በአንድ ኖታ ብቻ የሚጮኽ ሳጥን ይሆናል።

3. ሳብዉፈሩን ምረጡ

ማየት ያለባችሁ የመጀመሪያ ቁጥር አርኤምኤስ ዋት (ሳይቋረጥ የሚችለው ኃይል) ነው። «ማክስ» ወይም «ፒክ» የተባለው ለሽያጭ የተጻፈ ስለሆነ እንደሌለ ቁጠሩት። ሁለተኛው ሴንሲቲቪቲ (በተሰጠው ዋት ምን ያህል እንደሚጮኽ) ነው፤ በዴሲቤል ይጻፋል፣ ሰው ግን ይዘለዋል። ዋት በእጥፍ ሲጨምር የሚገኘው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ስለዚህ ባለ 87 ዴሲቤል ሳብዉፈር በ300 ዋት የሚሰጠውን ድምፅ ለማግኘት ባለ 84ቱ ወደ 600 ዋት ይጠይቃል። ርካሹን ሳብዉፈር ገዝቶ በውድ አምፕ መግፋት የዚህ ስሌት ውጤት ነው።

ቀጥሎ የአምራቹን ወረቀት አውጡና ኤፍኤስ (Fs)፣ ኪውቲኤስ (Qts)፣ ኪውኢኤስ (Qes) እና ቪኤኤስ (Vas) የሚሉትን የሳብዉፈሩን ጠባይ የሚገልጹ ቁጥሮች ፈልጉ። ኤፍኤስን ለኪውኢኤስ አካፍሉ። ውጤቱ ከ50 ካነሰ ሳብዉፈሩ ለዝግ ሳጥን የተሠራ ነው፤ ከ100 ከበለጠ ፖርት ይፈልጋል፤ በመካከል ያለው ለሁለቱም ይሆናል።

የዝግ ሳጥኑን ልክ ለማግኘት 0.707ን ለኪውቲኤስ አካፍሉ፣ ያገኛችሁትን በራሱ አባዙት፣ ከውጤቱ 1 ቀንሱ፣ ከዚያ ቪኤኤስን ለሱ አካፍሉ። ቪኤኤሱ 40 ሊትር፣ ኪውቲኤሱ 0.45 ከሆነ፦ 0.707 ÷ 0.45 በራሱ ሲባዛ 2.47፣ ሲቀነስ 1.47፣ 40 ÷ 1.47 ደግሞ 27 ሊትር ገደማ። ከዚህ ብዙ ያነሰ ሳጥን ድምፁን ያሳብጥና በአንድ ቦታ ላይ ያጎላዋል፤ ብዙ የተለቀ ደግሞ ያላላዋል፣ ኮኑም ከአቅሙ በላይ ለመወዛወዝ ይጋለጣል። ወረቀቱ ላይ እነዚህ ቁጥሮች ጭራሽ የሌሉበትን ሳብዉፈር ተዉት፤ ሳጥኑን በግምት ከመሥራት ሌላ ምርጫ አይኖራችሁም።

መጠኑን በተመለከተ፣ አንድ ደህና ባለ 10 ኢንች በትክክለኛ ሳጥን ውስጥ ሁለት ርካሽ ባለ 12 ኢንቾች በጠበበ ሳጥን ከሚሰጡት የተሻለ ባስ ይሰጣል። ትልቅ ኮን ቀርፋፋ ነው የሚባለው ግን ከሳጥኑ ችግር የመጣ ነው፤ ጥፋቱ የኢንቹ አይደለም።

4. ኦሙን አስሉ

ስህተት የሚበዛው እዚህ ነው፤ አምፕ የሚቃጠለውም እዚህ ነው። ሳብዉፈር አንድ ኮይል (ኮኑን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል) ወይም ሁለት ኮይል ያለው ሆኖ ይሸጣል። ሁለት ኮይል ያለው ጥቅሙ አገናኙን በመቀያየር ኦሙን መምረጥ መቻሉ ነው፤ በራሱ የተሻለ ድምፅ አያመጣም።

ሕጉ አጭር ነው። በሲሪየስ (አንዱ ከሌላው ቀጥሎ) ሲገናኝ ይደመራል። እኩል የሆኑት በፓራለል (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ) ሲገናኙ የአንዱ ኦም ለብዛታቸው ይካፈላል። ባለ ሁለት ኮይል 4 ኦም ሳብዉፈር በሲሪየስ 8፣ በፓራለል 2 ኦም ይሆናል። ባለ ሁለት ኮይል 2 ኦም ከሆነ በሲሪየስ 4፣ በፓራለል 1 ኦም ነው።

ሁለት ሳብዉፈር ሲሆኑ ደግሞ፦ ሁለት ባለ ሁለት ኮይል 4 ኦም ሁሉም በፓራለል ከተያያዙ 1 ኦም፤ የእያንዳንዱ ኮይሎች በሲሪየስ ተያይዘው ሁለቱ ሳብዉፈሮች በፓራለል ሲገናኙ 4 ኦም። ከእነዚህ ዓይነቶች 2 ኦም አይወጣም፤ 2 ኦም የሚፈልግ አምፕ ያለው ሰው ሁለት ባለ ሁለት ኮይል 2 ኦም መግዛት ነበረበት፤ እነሱ በሲሪየስና ፓራለል ድብልቅ 2 ኦም ይሰጣሉ። እነዚሁን ሁሉንም በፓራለል ያገናኘ ግን 0.5 ኦም ላይ ይደርሳል፤ ለዚያ የተሠራ አምፕ እምብዛም አይገኝም። አምፕ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን በወረቀት ሥሉት። የተለያየ ኦም ወይም የተለያየ ሞዴል ያላቸውን ሁለት ሳብዉፈሮች በአንድ አምፕ ላይ አትቀላቅሉ፤ ዋቱ እኩል አይከፋፈልም።

ብሪጅ የሚደረግ (ሁለት ቻናሉ ተጣምሮ አንድ ጭነት የሚነዳ) ባለ ሁለት ወይም አራት ቻናል አምፕ ካላችሁ እያንዳንዱ ቻናል የሚያየው የጭነቱን ግማሽ ነው። በስቴሪዮ 2 ኦም የሚችል አምፕ በብሪጅ የሚችለው 4 ኦም ነው። በብሪጅ ላይ 2 ኦም መጫን ለእያንዳንዱ ቻናል 1 ኦም እንደ መስጠት ይቆጠራል።

ሳጥኑ ከተገጠመ በኋላ ከአምፑ ጋር ሳታገናኙ ገመዶቹን በቴስተር ለኩ። ቴስተሩ ከተጻፈው ትንሽ ዝቅ ያለ ያሳያል፦ ለ4 ኦም ከ3.2 እስከ 3.8፣ ለ2 ኦም ከ1.5 እስከ 1.9። የሁለቱን መመርመሪያ ጫፎች አጋጥማችሁ የሚታየውን የቴስተሩን የራሱን ገመድ ንባብ ከውጤቱ ቀንሱ። 8 ይሆናል ብላችሁ 2 ካያችሁ አገናኙ ተሳስቷል።

5. አሁን አምፑ

ለሳብዉፈር ክላስ ዲ የተባለው ዓይነት ሞኖብሎክ (ባለ አንድ ቻናል አምፕ) ከሁሉ ይቀላል። ከሚወስደው ኤሌክትሪክ 80 በመቶ ገደማውን ወደ ድምፅ ኃይል ይለውጣል፤ ክላስ ኤቢ ከ50 እስከ 60 በመቶ ነው፣ የቀረው ሙቀት ይሆናል። ክላስ ኤቢ ለበር ስፒከሮች መልካም ነው፤ ለባስ ግን ባትሪን ማስለቀስ ነው። በሮቹንም ሳብዉፈሩንም በአንድ ዕቃ መንዳት ለሚፈልግ ባለ አምስት ቻናል አለ፤ ሽቦ ይቀንሳል፣ አንዱ ክፍል ሲበላሽ ግን ሁሉም አብሮ ይወርዳል።

ማወቅ የሚያስፈልገው ባሰላችሁት ኦም ላይ የሚሰጠውን አርኤምኤስ ነው። «በ1 ኦም 1000 ዋት» የሚል አምፕ በ4 ኦም 350 ብቻ ሊሰጥ ይችላል። በሲኢኤ-2006 ደረጃ የተለካ ከሆነ ቁጥሩ ይታመናል፤ መለኪያው በ14.4 ቮልት፣ ከ1 በመቶ ባልበለጠ መዛባት ነው የሚደረገው። ደረጃው ከሌለ የፊውዝ ስሌት አድርጉ፦ በአምፑ ላይ ያሉትን ፊውዞች አምፔር ደምሩ፣ በ13.8 አባዙ፣ ከዚያ በ0.8። «2000 ዋት» የሚለው አምፕ ላይ አንድ ባለ 40 አምፔር ፊውዝ ብቻ ካለ፣ 40 × 13.8 = 552፤ በ0.8 ሲባዛ 440 ዋት ገደማ። በእውነት የገዛችሁት ያ ነው። በጣም ትልልቅ አምፖች ላይ ፊውዝ የሌለበት ጊዜ ስላለ ይህ ስሌት ለእነሱ አይሠራም።

የአምፑ አርኤምኤስ ከሳብዉፈሩ አርኤምኤስ ጋር እኩል ወይም ጥቂት በለጥ ቢል ጥሩ ነው፤ ከ75 እስከ 150 በመቶ ባለው ውስጥ ጌይኑን (በቁጥር 8 የምናየውን ማስተካከያ) በልክ ለሚያስተካክል ሰው ችግር የለም። «ትንሽ አምፕ ሳብዉፈር ያቃጥላል» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ትንሽ ዋት ብቻውን ምንም አያቃጥልም። አቃጣዩ ክሊፒንግ ነው፦ አምፑ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፣ እስከ አራት ማዕዘን ድረስ ከተቆረጠ ኃይሉ ከንጹሕ ሞገድ ሁለት እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ 400 ዋቱ አምፕ በደንብ ሲገፋ ወደ 800 ሊጠጋ ይችላል፤ ባለ 400 ዋት ሳብዉፈርም ኮይሉ በሙቀት ይነዳል።

ከዋት ሌላ፣ አምፑ ሎው ፓስ ፊልተር (ባሱን ብቻ የሚያሳልፍ) እንዲኖረው፣ ሳጥኑ ፖርት ካለው ሰብሶኒክ ፊልተር (በጣም ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚቆርጥ) እንዲኖረው፣ ቴፑ የአርሲኤ መውጫ (ድምፁን ወደ አምፑ የሚልክ) ከሌለው ደግሞ ሃይ ሌቭል መግቢያ (ከስፒከር ገመድ የሚቀበል) እንዲኖረው ተመልከቱ።

6. ኤሌክትሪኩ ይበቃል ወይ

500 ዋት በክላስ ዲ፦ 500 ÷ 0.8 = 625፤ 625 ÷ 13.8 = 45 አምፔር። ይህ ከፍተኛው ነው፤ ሙዚቃ ስለሚነሳና ስለሚወድቅ በአማካይ የሚወሰደው ከዚህ ሲሶ አይበልጥም። እስከ 500 ዋት ድረስ፣ ደህና ባትሪና ደህና ዲናሞ ያለው መኪና አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይጨመርበት ይችላል። ከ1000 ዋት ሲያልፍ ግን ዲናሞውን መመልከት ግድ ነው። ካፓሲተር መግጠም መፍትሔ መስሎ ይታያል፤ ካፓሲተር ግን ኃይል አያመነጭም፣ ዲናሞው ያልሰጠውን ሊሰጥ አይችልም።

መለኪያው ቀላል ነው፦ ሞተሩ እየሠራ ድምፁ ከፍ ብሎ ሳለ በአምፑ መግቢያ ላይ ቮልቱን ለኩ። ከ13 በላይ ከሆነ ጤናማ ነው። ባስ በመታ ቁጥር ከ12 በታች የሚወርድ ከሆነ ሽቦው ቀጥኗል፣ ግራውንዱ (ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው የኔጋቲቭ ሽቦ) ላልቷል ወይም ዲናሞው አልቻለም፤ በዚሁ ቅደም ተከተል ፈትሹ።

7. ሽቦና ፊውዝ

ለ45 አምፔር በ5 ሜትር ርዝመት፣ 8 ጌጅ መዳብ (8.4 ካሬ ሚሊሜትር) 0.47 ቮልት ገደማ ያጠፋል፤ 4 ጌጅ (21 ካሬ ሚሊሜትር) 0.19። ለ500 ዋት 4 ጌጅ፣ ከ1000 ዋት በላይ 1/0 (53 ካሬ ሚሊሜትር) ውሰዱ። ርካሽ ሽቦ ብዙ ጊዜ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ የሚያስተላልፈው ከንጹሕ መዳብ 65 በመቶ ገደማ ስለሆነ አንድ ደረጃ ወፈር ያለውን መግዛት ይገባል። ጫፉን በምላጭ ቧጨር አድርጉት፤ ውስጡ ብርማ ከሆነ አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል፤ ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ ግን ሲቧጨር ቀይ ይወጣዋል።

ዋናው ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ በ45 ሴንቲሜትር ውስጥ ይቀመጥ። ሥራው ሽቦውን ከእሳት መጠበቅ እንጂ አምፑን መጠበቅ አይደለም፤ ስለዚህ ልኩ ከሽቦው አቅም በላይ መሆን የለበትም። ለ4 ጌጅ እስከ 100 አምፔር፣ ለ8 ጌጅ እስከ 50። ከላይ ላለው ምሳሌ 60 አምፔር ይሆናል። ሽቦው ላሜራ አልፎ ወደ ውስጥ በሚገባበት ቀዳዳ የጎማ ቀለበት ይኑረው።

ግራውንዱ ከአምፑ ከግማሽ ሜትር ባልራቀ ቦታ፣ ከፖዘቲቩ እኩል ውፍረት ባለው ሽቦ፣ ቀለሙ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ብረቱ በታየበት ላሜራ ላይ በብሎን ይታሰር። የወንበር ቀበቶ ብሎን አትጠቀሙ። ከታሰረ በኋላ ዝገት እንዳይገባ ቀለም ወይም ቅባት ቀቡበት። የአርሲኤ ገመዱ ከፓወር ሽቦው በተቃራኒው የመኪናው ጎን ይሂድ፤ መሻገር ካለባቸው በ90 ዲግሪ ይሻገሩ። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ፤ የፊውዙን ፍሬ መጨረሻ ላይ ክተቱ።

8. ጌይን

ጌይን የድምፅ መጨመሪያ አይደለም፤ የቴፑን ቮልት ከአምፑ መግቢያ ጋር ማመጣጠኛ ነው። የአምፑን አርኤምኤስ (ወይም የሳብዉፈሩን፣ ያነሰውን) በኦሙ አባዙና ካሬ ሩቱን ውሰዱ። 500 ዋት በ2 ኦም፦ የ1000 ካሬ ሩት 31.6 ቮልት። 300 ዋት በ4 ኦም፦ 34.6 ቮልት።

የሳብዉፈሩን ገመድ ከአምፑ ንቀሉ። ቴፑ ላይ ባስ፣ ትሬብል፣ ላውድነስ ሁሉ ዜሮ፤ አምፑ ላይ ባስ ቡስት ዜሮ፤ ሎው ፓሱን ለጊዜው እስከ መጨረሻው ክፈቱት። ጌይኑን ዝቅ አድርጉ። የ50 ሄርዝ የሙከራ ድምፅ በ0 ዴሲቤል አጫውቱና ቴፑን ወደ ሦስት አራተኛ ከፍ አድርጉ፤ መጨረሻው 40 ከሆነ 30 ላይ። ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ ከአምፑ መውጫ ላይ ያዙ፣ የተሰላው ቮልት እስኪታይ ጌይኑን ቀስ እያላችሁ ክፈቱ። እዚያ ላይ ተዉት። ከእንግዲህ ባስ ቡስቱን የነካ ሰው ስሌቱን አፍርሶታል፤ 6 ዴሲቤል ቡስት ማለት በዚያ ድግግሞሽ ላይ አራት እጥፍ ዋት መጠየቅ ነው።

ከዚያ ገመዱን መልሱ፤ ሎው ፓስ 80 ሄርዝ፣ ለበር ስፒከሮች ሃይ ፓስ (ባሱን የሚቆርጥ) 80 ሄርዝ። ፖርቱ በ35 የተቃኘ ከሆነ ሰብሶኒኩ 28 አካባቢ ይሁን። የፌዝ ማብሪያውን ከ0 ወደ 180 እያደረጋችሁ ከሹፌር ወንበር ስሙ፣ ባሱ ሞላ ያለበትን ምረጡ።

9. ሲበላሽ

ሞተሩ ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚያፏጭ ድምፅ ካለ መጀመሪያ ግራውንዱን እንደገና ፍቃችሁ እሰሩ። አርሲኤው ከአምፑ ሲነቀል ፉጨቱ ከጠፋ ምንጩ ከአምፑ በፊት ነው፤ ገመዱን ወይም የቴፑን ግራውንድ ተመልከቱ።

የፕሮቴክት መብራት ከበራ የሳብዉፈሩን ገመድ ንቀሉ። መብራቱ ከጠፋ ጭነቱ ዝቅ ያለ ኦም ወይም ሾርት ነው፤ ካልጠፋ ቮልቱንና ግራውንዱን ለኩ፤ እነሱ ደህና ከሆኑ ችግሩ ያለው አምፑ ውስጥ ነው። አምፑ ግማሽ ሰዓት ሠርቶ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ አየር አጥቷል፤ በሳጥኑ ጀርባ ላይ ተገልብጦ ወይም ምንጣፍ ሥር የተገጠመ አምፕ እንዲሁ ያደርጋል።

ሁለት ሳብዉፈር ካላችሁና አንዱ ሲነቀል ባሱ የሚጨምር ከሆነ አንደኛው ተገልብጦ ታስሯል። 1.5 ቮልት የእጅ ባትሪ ድንጋይ ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩን ከኔጋቲቭ ለቅጽበት አስነኩ፤ ኮኑ ወደ ውጭ መውጣት አለበት።

የተቃጠለ የቫርኒሽ ሽታ ከመጣ ወዲያው አጥፉት። ሲቀዘቅዝ ኮኑን በሁለት እጅ ከመሃሉ እኩል ገፋ አድርጉት፤ ፍክክ ፍክክ የሚል ከሆነ ኮይሉ ተጣሟል። ዝግ ሳጥን ላይ ገፍታችሁ ስትለቁት ቀስ ብሎ የሚመለስ ከሆነ ሳጥኑ አየር ይዟል፤ ዘሎ የሚመለስ ከሆነ የሚያፈስ ቦታ አለ። ማፍሰሻው ብዙውን ጊዜ የገመድ መውጫው ሳህን ዙሪያ ነው፤ ከውስጥ በሲሊኮን ድፈኑት፣ ሳብዉፈሩን መልሳችሁ ከማሰራችሁ በፊት ግን ሲሊኮኑ እስኪደርቅ አንድ ቀን ሙሉ ክፍት አድርጉት፤ ከአንዳንዱ ሲሊኮን የሚወጣው አሲዳም ጋዝ የውስጥ ሽቦዎችን ይበላል።